ለሾፌሮቻችን የክረምት ማስታወሻ ምን ብለን እንጻፍ?

ጥያቄ፦ «የምሠራው በደሴ ከተማና በደሴ–ኮምቦልቻ መስመር በተሰማራ የትራንስፖርት ማኅበር ውስጥ፣ ስምሪት ላይ ነው። ሚኒባስም ቅጥቅጥም አለን። ሰኔ ሲገባ በየዓመቱ ለሾፌሮችና ለረዳቶች የክረምት ማስታወሻ እንለጥፋለን። ያለፈው ዓመት ሁለት ገጽ ነበር፣ ያነበበው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። ሐምሌ ላይ አንድ ቅጥቅጥ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬኑ ጨሰና ፔዳሉ ወለል ነካ፤ ፈጣሪ ረድቶት ቆመ። ጋራዥ ስናስገባው የፍሬን ሸራውም ፔዳሉም ደህና ነው አሉን። ሌላው ሾፌር ጉም በዝቶበት ቆሞ አርባ ደቂቃ አርፍዶ ሲደርስ ተራው አለፈው፤ ከዚያ ወዲህ ለጉም የሚቆም ጠፋ። በመስኮት ጉዳይ ደግሞ ረዳትና ተሳፋሪ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ዘንድሮ ምን ብንጽፍ ነው የምንሰማው?»

የስምሪቱ ሰው፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ተራው ካለፈው ሾፌር እንጀምር።

ወረቀታችሁ «ጉም ሲበዛ ቁሙ» ይላል። ተራው ደግሞ «ከቆምክ እንጀራህን አጣህ» ይላል። ሾፌር ከሁለቱ የቱን እንደሚሰማ እርስዎም ያውቁታል። ስለዚህ የዘንድሮው ማስታወሻ ሾፌሩን ከማዘዙ በፊት ስምሪቱን ራሱን ማሰር አለበት። ይህ ካልቀደመ ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ እንዳምናው ወረቀት ግድግዳ ላይ ደብዝዞ ይቀራል።

የተራ አስከባሪው ደብተር ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር፣ «በጉም ወይም በጎርፍ የቆመ» የሚል። መኪናው ሲቆም ረዳቱ ይደውላል፣ ሰዓቱ ይጻፋል። መኪናው ሲደርስ ቀጥሎ የሚጫነው እሱ ነው፤ ሁለት ቆመው ከሆነ ቀድሞ የደወለው ይቀድማል። «ውሸት ይገባበታል» የሚል አይጠፋም። በዚያ ሰዓት በዚያው መንገድ ላይ ሌላ መኪና አለመኖሩ ዘበት ነውና፣ አንዱን ደውሎ መጠየቅ ይበቃል።

ገንዘቡም አለ። ለባለቤቱ በቀን ቁርጥ ገንዘብ የሚያስገባ ሾፌር ጉሙ ውስጥ የሚገባው ቁርጡን ሊሞላ ብሎ ነው። ባለቤቶቹን ሰኔ ሳያልቅ ሰብስባችሁ አስፈርሙ፤ በደህና ቀን 4 ምልልስ የሚሠራ መኪና በመንገዱ ምክንያት 3 ከሠራ፣ የሚያስገባው የቁርጡን ሦስት አራተኛ ይሁን። ቅር የሚለው ባለቤት ይኖራል፤ የአንድ ጎን ቆርቆሮና የአንድ ፊት መስታወት ዋጋ አስልታችሁ አሳዩት።

የምልልስ ሰዓቱን ደግሞ በበጋው ልክ አትተዉት። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል፣ ዋናው ቁልቁለት ሐረጎ ላይ ነው። የሐምሌ መጀመሪያ ሳምንት የሦስት መኪና መነሻና መድረሻ መዝግቡ፤ መርሐ ግብሩን በአማካዩ ሳይሆን በዘገምተኛው አውጡ። ዘገምተኛው ሾፌር ክረምት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው ሾፌር ነው።

ጉሙን በተመለከተ «ሲበዛ» የሚለው ቃል ራሱ ችግር አለበት፤ ለአንዱ የበዛው ለሌላው ሳስቷል። ልክ አብጁለት። አንድ ቅጥቅጥ 7 ወይም 8 ሜትር ይረዝማል። ሾፌሩ ከፊቱ የ4 ቅጥቅጥ ርዝመት፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል ካላየ አይነሳ፤ መንገድ ላይ ከሆነም ቦታ ፈልጎ ይቁም። ለምን 30? ንቁ ሾፌርና ደህና ጎማ ቢኖር እንኳ በእርጥብ ሜዳ አስፋልት በ30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 17 ሜትር ገደማ ሳይሄድ አይቆምም። ከፊት የሚመጣው መኪና መስመር ስቶ ከሆነ እሱም የራሱን 17 ሜትር ይፈልጋል። ሲደመር 30ው አለቀ።

ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ ነገሩ በእጥፍ ይሄዳል። በ40 የሚሄደው ለመቆም ከ25 ሜትር በላይ ሲፈልግ በ60 የሚሄደው 50 ሜትር ይጠይቃል፤ ቁልቁለት ከሆነ 60 ሜትር ይደርሳል። በበጋ ከፊት መኪና ጋር የሦስት ሰከንድ ርቀት የለመደ ሾፌር በዝናብ ስድስት ይቁጠር። የፊተኛው መኪና አንድ ዛፍ ወይም ምሰሶ ሲያልፍ ቆጠራ ይጀመራል፤ ቆጥሮ ሳይጨርስ እዚያ ከደረሰ ተጠግቷል።

በጉም ውስጥ ረጅም መብራት አይበራም። ብርሃኑ ጉሙ ላይ ተመልሶ የሾፌሩን ዓይን ይመታል፤ ነጭ ግድግዳ ነው የሚሆነው። አጭሩ መብራት ወደ ታች መንገዱን ያሳያል። ብዙ ሾፌር በጉም እየነዳ አራቱንም ፍሬቻ ያበራል፤ ደግ አስቦ ነው፣ ግን ሊታጠፍ ሲል ማንም አያውቅለትም። አራቱ የሚበሩት መኪናው ሲቆም ነው። ሲቆምም ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ፣ ከመታጠፊያ ርቆ፣ ከተቆረጠ ገደል ሥር ሳይሆን ይቁም። ተሳፋሪ አየር ልቀበል ብሎ ከመኪናው ጀርባ አይቁም።

ከገደል ሥር የምንለው ለናዳው ነው። ደሴና ሐረጎ አካባቢ የመሬት መንሸራተት ያለ ነገር ነው፤ ሳይናገር የሚመጣው ግን ጥቂት ነው። ጠዋት አስፋልቱ ላይ የተበተነ ጠጠርና ድንጋይ፣ ትናንት ያልነበረ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ምሰሶ ወይም ዛፍ፣ ደርቆ የነበረ ቦይ ድንገት ድፍርስ ውሃ ማውረዱ፣ እነዚህን ያየ የመጀመሪያው ሾፌር ሲደርስ ለስምሪቱ ይንገር። እናንተም ለመንገዱ ኃላፊዎችና ለትራፊክ አሳውቁ።

አሁን ወደ ፍሬኑ፤ ይህ ነው ዋናው።

ጋራዡ አልዋሸም። ሸራው ደህና ሊሆን ይችላል። ፍሬን በሙቀት የሚከዳው በሁለት መንገድ ነው፣ ምልክታቸውም ይለያያል። ሸራው ሲጋል ፔዳሉ ሳይሰምጥ ጠንክሮ ይቀራል፤ እግር ይጫናል፣ መኪናው አይዝም፣ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። የፍሬን ዘይቱ ሲፈላ ግን ፔዳሉ ይልማል፣ ወለል ይነካል። የእናንተ ፔዳል ወለል ነክቷል። ጭሱ ሸራውና ታምቡሩ (ሸራው የሚይዘው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት) መጋላቸውን ያሳያል፤ ያ ሙቀት ወደ ዘይቱ ደርሶ አፍልቶታል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይታመቃል፣ እግር የሚገፋው ኃይል ጎማው ጋ አይደርስም። ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ዘይትነት ይመለሳል፣ ፔዳሉም ይጠነክራል። ጋራዥ የገባው የቀዘቀዘ መኪና ነው፤ ታዲያ ምን ያግኙበት?

ዘይቱ ለምን ፈላ? የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ 4 በመቶ የማይሞላ ውሃ ሲገባበት ግን መፍያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውሃ የጠጣው 155 ነው። ለሐረጎ ዶት 4 ይሻላል፣ በአምራቹ መመሪያ መኪናው የሚቀበለው እስከሆነ ድረስ። በዓመት አንዴ፣ ግንቦት ላይ፣ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ። ማጠራቀሚያው ላይ መሙላት መለወጥ አይደለም፤ የሚፈላው ጎማው ጋ ያለው ዘይት ነው። ከማስተሩ (ፔዳሉ ከሚገፋው የዘይት ፓምፕ) በጣም ከሚርቀው ጎማ ተጀምሮ ወደ ቅርቡ እየተመጣ፣ በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙስ እየተነፈሰ፣ ጠቆር ያለው አልቆ ንጹሑ እስኪወጣ ድረስ ይቀጠላል። ለአንድ ሚኒባስ አንድ ሊትር ያህል ይበቃል፣ ቅጥቅጥ ትንሽ ይጨምራል። ሱቅ ላይ ተከፍቶ ከርሞ በግማሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን አትግዙ፤ ከታሸገው ትንሹን ግዙ። የሞተር ዘይት ጠብ ቢልበት ጎሚኒዎቹ (የጎማ ማሸጊያዎቹ) ሁሉ ያብጣሉ፣ ከማስተር እስከ ጎማ ያለው ሥርዓት ይበላሻል።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሩ። ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ ተጭናችሁ ያዙት። ቀስ እያለ ከሰመጠ፣ ዘይቱም ውጭ ካልፈሰሰ፣ ማስተሩ ውስጡን ያሳልፋል። ያኔ ዘይት መለወጥ ብቻ አያድንም።

ይህ ሁሉ ግን የመካኒክ ሥራ ነው፤ ሙቀቱን የሚፈጥረው አነዳዱ ነው። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የድሮ ሾፌሮች ቃል ዛሬም ሕግ ነው። ሐረጎን በሁለተኛ የሚወጣ ጭነት በሁለተኛ ይውረድ፣ ማርሹም የሚገባው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ ሲፈለግ እንቢ ብሎ ፎሌ ላይ (ያለ ማርሽ) ይቀራል፣ ከዚያ ያለው ፍሬን ብቻ ይሆናል። እግርን ፍሬን ላይ ጭኖ ከላይ እስከ ታች መውረድ ዘይት አፍይ ነው። ፍጥነቱ የወሰኑትን ልክ ሲደርስ ጠበቅ አድርጎ በ10 ኪሎ ሜትር ያህል መቀነስ፣ ከዚያ ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፤ በመሐሉ ታምቡሩ ይተነፍሳል።

በፎሌ የሚወርዱት «ናፍታ ለመቆጠብ» ይላሉ። ቁጠባው የለም። ማርሽ ውስጥ ሆኖ ጋዝ ሲለቀቅ ፓምፑ ናፍታውን ይቀንሳል ወይም ይዘጋል፤ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍታ መጠጣቱን ይቀጥላል። ሞተሩን ጨርሶ የሚያጠፋው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ሰርቮው (የፍሬን አጋዡ) ውስጥ የቀረው አቅም ለሁለት ሦስት ርግጫ ብቻ ይበቃል፣ ከዚያ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ መሪውም ይከብዳል። በዚህ ጉዳይ ማስታወሻው ልመና አይሁን፤ በፎሌ የወረደ ለዚያ ሳምንት ከሐረጎ መስመር ወርዶ ከተማ ውስጥ ይሥራ።

ቅጥቅጦቹ ላይ ያለው የጭስ ማውጫ ፍሬን ቁልቁለት ላይ ትልቅ ረዳት ነው፤ ግን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። ባዶ መኪና ጭቃ በነካው አስፋልት ላይ ሲወርድ ኋላውን ሊያንሸራትት ይችላል። ጭነት ሲኖር ይበራ፣ ባዶ ሆኖ መንገዱ ካንሸራተተ ይጥፋ።

ፔዳሉ ወለል የነካበት ሾፌር ምን ያድርግ? ፔዳሉን በፍጥነት ደጋግሞ ይምታ፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ይመለሳል። ማርሹን አንድ በአንድ ያውርድ። የእጅ ፍሬኑን በአንዴ አይሳብ። በብዙ አይሱዙዎች የእጅ ፍሬን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ኋላ ካርዳኑን፣ ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደውን ዘንግ ነው የሚይዘው፤ በፍጥነት ላይ ድንገት ከተሳበ ካርዳኑን ይሰብራል ወይም የኋላ ጎማዎቹን ቆልፎ መኪናውን ያዞረዋል። እየያዙ እየለቀቁ ነው። መጨረሻው ከመጣ ወደ ተራራው ወገን፣ ጎኑን ቦዩና አፈሩ ላይ እያሻሸ ያቁመው። ከቆመ በኋላ ረዳቱ ጎማው ሥር ታኮ ያስገባል። የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ መድፋት የተለመደ ነው፤ ታምቡሩን ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁም የሚታየው በሌላ ቀን ነው። ሠላሳ ደቂቃ ጠብቁ።

ውሃውን በአጭሩ። በከተማው ውስጥ ከጦሳ ተራራ ወገን የሚወርደው ጎርፍ ድንጋይና ጠጠር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ክዳኑ የተነሳ ቱቦም ሸፍኖ ይይዛል። በቦርከና ወንዝም ሆነ በየመንገዱ በሚፈስ ጎርፍ ፊት ሕጉ አንድ ነው፤ የሚፈስ ውሃ 30 ሴንቲ ሲሆን ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፣ 60 ሴንቲ ማለትም ከጉልበት ከፍ ሲል አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። የውሃው ሥር የማይታይ ከሆነ አይገባም፤ «ከፊቴ ያለው አልፏል» ማስረጃ አይደለም። የማይፈስ ጥልቅ ኩሬ ያቋረጠ መኪና ታምቡሩ ውሃ ይዟል፤ የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች አይዙም። በዝግታ እየነዳ ፍሬኑን በቀስታ ደጋግሞ እየነካ ያድርቀው። ውሃ ውስጥ የጠፋ ሞተር እንደገና አይነሳ፤ በአየር ማስገቢያው ውሃ ገብቶ ከሆነ ፒስተኑ ውሃ መጭመቅ ስለማይችል ቢዬላውን (የፒስተኑን ክንድ) ያጣምማል። ጎትቶ ማውጣት ይረክሳል።

ከሁሉም ቀን አደገኛው ከባዱ ዝናብ አይደለም፤ ከድርቅ ቀናት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ካፊያ ነው። የፈሰሰ ዘይት፣ አቧራና የጎማ ብናኝ ከውሃው ጋር ይቦካና እስኪታጠብ ድረስ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል። ኮብልስቶን ዳገቶች ደግሞ ክረምቱን ሙሉ እንደዚያው ናቸው፣ በተለይ ከጭቃ ሰፈር የሚወጡ መኪናዎች አፈር የሚያራግፉባቸው።

ወደ መስኮቱ ጭቅጭቅ እንምጣ። ተሳፋሪው «ብርድ ይመታኛል» ብሎ ይዘጋል፣ ሾፌሩ መስታወቱን በእጅጌው እየጠረገ ይነዳል፣ ረዳቱ በመሐል ይጮኻል። ለምን እንደሚሸፈን ረዳቱ ቢያውቅ አነጋገሩ ይለወጥ ነበር። ከኮምቦልቻ የተነሳ መኪና ሞቅ ያለና እርጥብ አየር፣ የረጠበ ጋቢ፣ የአሥራ ምናምን ሰው ትንፋሽ ይዞ ይወጣል። ሐረጎ ላይ የውጪው አየር አራት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፣ መስታወቱም አብሮ። እርጥበቱ ቀዝቃዛ ነገር ሲያገኝ ጤዛ ሆኖ ይለጠፋል። ስለዚህ እርጥበቱ መውጫ ያስፈልገዋል፤ ሁሉም መስኮት መከፈት ግን የለበትም። ከፊት አንድ፣ በተቃራኒው ጎን ከኋላ አንድ፣ ሁለት ጣት ያህል ብቻ። ኋላ የሚቀመጠው ሰው ነፋሱ በቀጥታ እንዳይመታው ረዳቱ ወጣት ወይም የለበሰ ሰው እዚያ ያስቀምጥ። «መስኮት ክፈት!» ከማለት «አባባ፣ ሁለት ጣት ብቻ፤ ለሾፌሩ መንገዱ እንዲታየው ነው» ቢል እንቢ የሚለው ጥቂት ነው። በራሱ ነፍስ ላይ የሚጨክን የለም።

ሂተር ያለው መኪና ሙቁን አየር ወደ ፊት መስታወት ይንፋ፤ ቁልፉ ከውጭ አየር በሚያስገባው ላይ ይሁን፣ የውስጡን በሚያዞረው ላይ ከሆነ እርጥበቱን መልሶ ያመጣዋል። ኤሲ የሚሠራ ከሆነ አብሮ ይብራ፤ አየሩን ያደርቃል። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው ተብሎ የሂተሩ ቱቦ ተቋርጦ ከሆነ ደግሞ ከክረምት በፊት ይቀጠል። ርካሹ ዘዴ ይኸው፦ የመስታወቱን ውስጥ በሳሙና ውሃ አጥቦ ማድረቅ፣ ከዚያ ደረቅ ሳሙና ስስ አድርጎ መቀባት፣ በንጹሕ ጨርቅ እስከማይታይ ድረስ ማሸት። ጥቂት ቀን ይይዛል። የእጅጌ ጠረጋው ግን ስብ ይለጥፍና የማታ መብራት ሁሉ እንዲበተን ያደርጋል።

የዝናብ መጥረጊያው ላስቲክ ሰኔ ላይ ይለወጥ፤ መስመር እየተወ የሚጠርግ ከሆነ አልቋል። ጎማውን በክብሪት እንጨት ለኩት፤ ከአንዱ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋችሁ ጥርሱ መሐል ክተቱ። ምልክቱ ከላይ ከታየ ለሐረጎ ክረምት አይሆንም፤ ውሃውን ማውጣት ያቅተዋል። በብዙ አገር ሕጉ እስከ 1.6 ሚሊ ይፈቅዳል፣ ግን 1.6 ለደረቅ መንገድ ነው የሚሆነው። በድጋሚ የተለጠፈ ጎማ ከፊት አይገጠም። ነፋሱ ጠዋት ጎማው ሳይግል፣ በሩ ላይ ባለው ሠንጠረዥ ልክ ይለካ። ደሴ የተሞላ ጎማ ኮምቦልቻ ሲለካ አንድ ፒኤስአይ ያህል ያነሰ ቢመስል ጎሚስታውን አትጠርጥሩ፤ የዝቅተኛው ቦታ አየር ከባድ ስለሆነ ነው።

ናፍታ በመኪናው ላይ ማታ ቢሞላ ይመረጣል። ግማሽ ባዶ ጋን በሌሊቱ ብርድ ውስጡ ጤዛ ይሠራል፣ ጠዋት ውሃው ፊልትሮ ይገባል። ሰልፉን እናውቃለን፤ ሁልጊዜ አይቻልም። ያልተቻለበት መኪና በሳምንት አንዴ የፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻ ይክፈት፣ ንጹሕ ናፍታ እስኪመጣ። ባትሪው ቆሞ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው።

ረዳቱን አትርሱት። ማስታወሻ ሁሉ ለሾፌር ይጻፋል፣ ክረምት ላይ ግን ሥራው የሚበዛው እሱ ነው። መውጫው ደረጃ ላይ ጭቃ እንዳይገባ ማዳበሪያ ወይም ካርቶን ያነጥፋል፤ ማዳበሪያው ሲረጥብ ያንሸራትታል፣ ካርቶኑ ይቦካል። ሸካራ የጎማ ምንጣፍ ቆርጦ ማሰር ነው፣ በየምልልሱ አንዴ ማጠብ። መኪናው ሲቆም በሩ ክፍት ቦይ ላይ እንዳይሆን ቀድሞ ማየት የእሱ ነው፤ ጎርፍ የሞላው ቦይ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ይመስላል፣ እናት ልጅ አዝላ ስትወርድ ይውጣታል። ፖርቶ መጋላ ላይ የሚጫን እህል ከመታሰሩ በፊት በሸራ ይሸፈን፤ የረጠበ ገመድ ሊላላ ይችላል፣ ኮምቦልቻ የታሰረ ሐረጎ ጫፍ ላይ እንደገና ይፈተሽ። በእጁ ሁለት ታኮ፣ አንድ ባትሪ መብራት፣ የሚያብረቀርቅ ሰደርያና ትሪያንጎሎ (ባለ ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ) ይኑረው። ትሪያንጎሎው ከመኪናው 50 እርምጃ ኋላ፣ መታጠፊያ ካለ ደግሞ ከመታጠፊያው በፊት ይቀመጥ።

ትሪያንጎሎ የሌለው ቅጠልና ድንጋይ ይደረድራል። ይሁን። ሲነሳ ግን ድንጋዩን እዚያው ትቶ ይሄዳል፣ ማታ በጉም የሚመጣው ሌላው የማኅበራችሁ መኪና ይወጣበታል። ድንጋዩን ያላነሳ ረዳት ይቀጣ፤ ከሁሉ ቀላሉና ከሁሉ የሚረሳው ይህ ነው።

እንግዲህ ወረቀቱ። ይህን ሁሉ አትጻፉበት። የፍሬን ዘይት፣ ጎማ፣ ላስቲክ፣ ሂተር ለመካኒኩና ለባለቤቱ በተለየ ወረቀት ይሂዱ፤ ሾፌር በነጋታው ሊያደርገው የማይችለውን ማንበብ ያታክተዋል። የሾፌሩ ወረቀት ከፀሐይ መከላከያው ጀርባ የምትለጠፍ የእጅ መዳፍ የምታህል ትሁን። እንዲህ ብትጻፍ ይበቃል፦

«ጉም፦ 4 ቅጥቅጥ ካልታየህ ቁም። ተራህ ይጠበቅልሃል።
ሐረጎ፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። በፎሌ የወረደ መስመሩን ያጣል።
ዝናብ፦ ስድስት ቁጠር። አጭር መብራት አብራ።
ጎርፍ፦ ሥሩ ካልታየህ አትግባ።
ፔዳል ከላመ፦ ደጋግመህ ምታ፣ ማርሽ አውርድ፣ የእጅ ፍሬን እየያዝክ ልቀቅ።
ረዳት፦ ታኮ፣ ሁለት ጣት መስኮት፣ ድንጋዩን አንሳ።»

ከተለጠፈች በኋላ በቃል ትነገር። ጠዋት የመጀመሪያው መኪና ሳይጫን፣ ሻይ እጃቸው ላይ እያለ፣ በሳምንት አንድ መስመር ብቻ፣ አምስት ደቂቃ። ሐምሌ አንደኛው ሳምንት ጉም፣ ሁለተኛው ሐረጎ፣ እያለ ይሄዳል። የሚያስረዳው እርስዎ ባይሆኑ ይሻላል፤ ከሾፌሮቹ አንዱ አንጋፋ ይሁን፣ በየሳምንቱ እየተቀያየረ። በቴሌግራም የምትልኩት የድምፅ መልእክት ከጽሑፍ ይልቅ ይደመጣል፣ ግን ከ30 ሰከንድ አይብለጥ፣ የመንገዱን የዕለቱን ሁኔታ ብቻ ይያዝ። ማለዳ ሐረጎ ላይ የደረሰው የመጀመሪያው ረዳት «ጉም አለ» ወይም «ገልጧል» ብሎ ይላክ፤ ሾፌሩ እየነዳ ስልክ አይንካ።

ማስታወሻውን ነሐሴ ላይ እንዳለቀ አትቁጠሩት። ለመስከረም 21 የግሸን ተጓዥ ደሴን ሲሞላት መኪናውም ሾፌሩም ደክሞ ነው የሚደርሰው፣ ዝናቡም ገና ጨርሶ ላይለቅ ይችላል። ያን ሳምንት በተከታታይ ከሁለት ቀን በላይ ሌሊት የተነሳ ሾፌር በሦስተኛው እንዳይመደብ አድርጉ።

ኅዳር ሲገባ ትንሿን ወረቀት በሌላ ለውጧት፤ ከዚያ እስከ ጥር ያለው የውርጭ ነው። ደሴ ያደረ መኪና ካንዴሌታው (የሞተሩ ማሞቂያ) ሳይሞቅ አይሞከር፤ የካንዴሌታው መብራት እስኪጠፋ ይጠበቅ፣ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሩት፣ ካልተነሳ ግማሽ ደቂቃ አሳርፉት። ውርጭ የሸፈነው የፊት መስታወት ላይ የፈላ ውሃ አይደፋም፣ ይሰነጠቃል። በአሮጌ ካርድ ጠርዝ ፋቁት፤ መጥረጊያውን ግን ውርጩ ሳይለቅ አታስነሱት፣ ሰኔ ላይ የገዛችሁት ላስቲክ እዚያው ተለጥፎ ይቀደዳል።